ወንድሜ አፉን የከፈተ ዕለት

ወንድሜ ዝናብን የሚሰማው በጥርሱ ነበር። ቀልዴን አይደለም። ነቀምቴ ላይ ክረምት ሲገባ የቆርቆሮው ጣራ ሁሉ አንድ ላይ ያብዳል፤ አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር እንኳ ጆሮው ሥር መጮህ አለባችሁ። እኛ ወደ ቤት ስንሮጥ እሱ ወደ ግቢያችን በር ይሮጣል። በሩ እንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮውን ጠርዝ በላይኛው የፊት ጥርሶቹ ነከስ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው እሱም አብሮ «እምምም» ይላል። ደስታው ያ ነበር። እናቴ «ኧረ ልጄ በረደህ! ኧረ ግባ!» እያለች ትጮኻለች፤ ማን ሰምቷት!

ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ ስም አለው፤ ኦቲዝም ይሉታል። እኔ ቃሉን የሰማሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። በጃንሆይ ዘመን በእኛ ሰፈር የነበሩት ስሞች ሌሎች ነበሩ። ጋኔን የያዘው ይሉታል፣ ቡዳ የበላው ይሉታል፤ ሲብስባቸው ደግሞ የእናቴን ኃጢአት ይቆጥራሉ። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ምላሴም አያርፍም። በዚህ ምክንያት ከሰፈር ልጆች ጋር ያልተፈነካከትኩበት ሳምንት አልነበረም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይህ አፍሽ ያስገድልሻል» ትለኝ ነበር። ይኸው አለሁ።

ስምንት ዓመት ሲሞላው አንድ ቃል እንኳ አልወጣውም ነበር። ሰው ዓይን ውስጥ አያይም። እጁን ብትይዙት ይታገሳል፤ ትከሻውን ብትነኩት ይታገሳል፤ ከአንገቱ በላይ ግን ማንም አይነካውም። ፊቱን ራሱ ይታጠባል። ፀጉሩን አባቴ የሚቆርጠው እንቅልፍ ሲጥለው ነው። ይህ ደግሞ እንዲሁ የመጣ ነገር አይደለም። ትንሽ ሳለ ሳል ይዞት አልለቅ ሲለው «እንጥሉ ወርዷል» ተባለና እንጥል ቆራጭ ተጠራ። የሰፈር ወንዶች በነጭ አንሶላ ጠቅልለው ያዙት። አንዱ እግሩ ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ መንጋጋውን ፈለቀቀ። ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስ አለ፤ ውሃ አልጠጣ አለ። ቀጥሎ ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ሲፈልገው ውሎ ከከተማው በታች ወንዝ ዳር፣ ፊቱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ አገኙት። ያገኙት ሰዎች ትንፋሹ አለ የለም ተባብለው ተከራክረዋል። እናቴ ያን ቀን «ከእንግዲህ ልጄን ማንም አይዝብኝም» ብላ ማለች። እሱም ከዚያ ወዲህ ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ ካየ ይንቀጠቀጣል። አንሶላ የምናሰጣው እሱ ከአባቴ ጋር ገበያ የሄደ ቀን ብቻ ነበር።

አዎ፣ ገበያ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲጀመር ጆሮውን ይዞ የሚወጣው ልጅ፣ በቅሎ ተራ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። አባቴ የበቅሎ ነጋዴ ነበር፤ የዚሁ የወለጋ ሰው፤ አኖ፣ ባኮ፣ ጊምቢ ሳይል ይዞራል። እናቴ ከዓባይ ማዶ ከጎጃም የመጣች ናት። ቤታችን ውስጥ ሰላምታው በኦሮምኛ፣ ጠቡ በአማርኛ ነበር። ሁለቱም ልጁን ይወዱታል፤ ልጁን ለገበያ ያበቃው ግን አባቴ ነው።

በበቅሎ ተራ ሥርዓት አለ። በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ የሚታወቀው በእሱ ነው። አባቴ ታዲያ አፏን በጉልበት የሚፈለቅቅ ገዢ አይወድም። «ሌባ ያዝክ እንዴ?» ይለዋል። መጀመሪያ እጅህን ታሸትታለች። ቀጥሎ አፍንጫዋ ላይ እፍ ትልላታለህ። ከዚያ አውራ ጣትህን በአፏ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት በኩል አግብተህ «አፋን በኒ» ትላታለህ፤ አፍሽን ክፈቺ ማለት ነው። ራሷ ትከፍታለች። አይተህ ስታበቃ ደግሞ ዝም ብሎ መሄድ የለም፤ ያየኸውን ጮክ ብለህ ትናገራለህ። አፍ ከፍቶ አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ባለቤቱን «በቅሎህ ጉድ አለባት» ብሎ እንደ መስደብ ይቆጠራል። በዚህ ብቻ ዱላ የተማዘዙ ሰዎች አውቃለሁ።

አባቴ የራሱ የመቀመጫ በቅሎ ነበረችው፤ ጠጉሯ ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ እኛም ዳማዋ ነበር የምንላት። ያያት ሁሉ ይመኛታል፤ በተለይ ከሸዋ የመጡት ሹማምንት። አባቴም ጉራ አይጠፋውምና ያሳያቸዋል። አፏን ይከፍትላቸውና በእነሱው በአማርኛ፣ ተራው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ስድስት ዓመቷ! ጤነኛ ናት! አትሸጥም!» ይላል። ወንድሜ ይህን ለመስማት ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። «አትሸጥም» ሲባል እጁን እያራገበ ይዘላል። ዓመት አልፎ አባቴ አንድ ቀን «ሰባት ዓመቷ» ቢል ልጁ ገበያው መካከል መሬት ላይ ተንከባለለ። ስለዚህ ዳማዋ ስድስት ዓመቷ ሆና ቀረች። ገዢዎቹ ይስቃሉ፤ አባቴ ግድ አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሐምሌ ነበር፣ አባቴ ከአኖ ሲመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘው። ወንድሜ ያን ቀን አብሮት አልሄደም። ዝናቡ ሲጀምር እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተለጠፈ። አባቴ ከውጭ ሆኖ በምን ይየው? ዳማዋን በአንድ እጁ እየሳበ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ በሩን በትከሻው ገፋው። ቆርቆሮው ሲንኳኳ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ ወንድሜ ጭቃው ላይ ተቀምጧል፤ አገጩ ደም በደም ሆኗል። አባቴ ባርኔጣውን ወርውሮ «ኢልማ ኮ! ልጄ! እኔ ነኝ ያደረግኩህ!» እያለ እጁን ዘረጋለት። ልጁ አፉን በሁለት እጁ ከድኖ በአባቴ ብብት ሥር አምልጦ ወደ በቅሎዎቹ ጋጣ ገባ። አላለቀሰም። ጭቃው ውስጥ ግማሽ ጥርስ አገኘሁ፤ የወተት ጥርስ አይደለም፤ በቅርቡ የበቀለለት ትልቁ የፊት ጥርሱ ነው። የቀረው ግማሽ ድዱ ውስጥ ምን እንደሆነ ማየት የሚችል ሰው አልነበረም።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «አላለቀሰም እኮ፤ አያመውም» አሉ። «እንዲህ ያሉ ልጆች ሕመም የላቸውም» አሉ። ደሜ ፈላ። «በእናንተ ጥርስ እንሞክረው?» ስል እናቴ ክንዴን ቆንጥጣ ወደ ቤት አስገባችኝ። ወንድሜ ሲያመው እንደማያለቅስ እኔ አውቃለሁ። ሲያመው ማንጎራጎሩን ያቆማል። እነሆ ያን ቀን «እምምም» ማለት አቆመ። በማግስቱ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ወደ በሩ አልሄደም፤ ጋጣው ውስጥ ከዳማዋ እግር ሥር ተኮራምቶ ዋለ። ከዝናቡ ይልቅ የእሱ ዝምታ ነበር የሚያስፈራኝ።

ጎረቤታችን ጉራጌው ባለሱቅ ቅርንፉድ በወረቀት ቋጥሮ «ጥርሱ ላይ አኑሩለት» ብሎ ላከልን። ደግ ሰው ነበር። ግን ማን ያኑርለት? እናቴ ቅርንፉዱን በእጇ ጨብጣ ጋጣው በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ ቀስ ብዬ ስጠጋ እግሩን ያነሳብኛል። አባቴ ሲጠጋማ ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ይደርሳል። በሩን የገፋው ማን እንደሆነ ገብቶታል ብለን ሁላችንም አሰብን። አባቴ ያን ሰሞን ከጋጣው ውጭ፣ ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ይቆም ነበር። ግባ ቢባል አይገባም።

ከዚያ ጉንጩ ማበጥ ጀመረ። ከንፈሩ ተገለበጠ። እብጠቱ እየወጣ ዓይኑ ሥር ደረሰና አንደኛው ዓይኑ ጠበበ። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ወተት ሳቀብለው ከጋጣው ሽታ የተለየ ሽታ መጣብኝ፤ የሞተ ነገር ሽታ። ከአፉ ነው። ሊሞት ነው አልኩ በሆዴ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገረው የሚደርስ መሰለኝ።

ጉብታው ላይ የሚሲዮን ክሊኒክ ነበር። ልጁን ዳማዋ ላይ አስቀምጠን ወሰድነው፤ እሷ ላይ ሲሆን እምቢ አይልም። ፈረንጁ ዶክተር በሌለ ጊዜ የሚያክመው ድሬሰሩ ረጋ ያለ ጎልማሳ ነው። ልጁን ከሩቅ አየና ፊቱ ተለዋወጠ። ጥርሱን ማየት አለብኝ አለ። እናቴ ነገሩን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት፣ ረዳቶቹ ከአልጋው ላይ ነጩን አንሶላ ስበው አነሱ። «አንሶላውን! ኧረ አንሶላውን!» ብላ ጮኸች። አልደረሰችም። ጠቀለሉት። ወንድሜ ያወጣውን ድምፅ ከእንጥል ቆራጩ ቀን በኋላ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድሬሰሩ ጣቱን ወደ አፉ ሲያስገባ ነከሰው፤ ደም ዥው አለ። ቀጥሎ ጩኸቱ ቆመ፤ ድንገት ቆመ። ከንፈሩ ጠቆረ፤ ደረቱ አልንቀሳቀስ አለ። አባቴ ረዳቶቹን ግራና ቀኝ አሽቀንጥሮ አንሶላውን ቀደደው። ወንድሜ መሬት ላይ ሆኖ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ እኔም የተነፈስኩ አይመስለኝም።

ድሬሰሩ ጣቱን እያሰረ ወደ አባቴ መጣ። አልተቆጣም። እሱም ፈርቷል፤ ድምፁ ያስታውቃል። «ኦቦ፣ ይስሙኝ። የጥርሱ ሥር ድዱ ውስጥ ቀርቶ መግል ይዟል። መግሉ ወደ ላይ እየወጣ ነው። አንጎሉ ጋ ከደረሰ እኔም፣ ፈረንጁ ዶክተርም አናድነውም። ነገ ጠዋት ይዛችሁት ኑ፤ ብርቱ ሰዎች እጠራለሁ።»

«እንዲህ ስትይዙት ትንፋሹ ቀርቶ ቢቀርስ?» አለች እናቴ።

ድሬሰሩ የተቀደደውን አንሶላ ከመሬት አነሳ። ለሁላችንም ገባን። ካልተያዘ መግሉ ይገድለዋል፤ ከተያዘ ፍርሃቱ ይገድለዋል።

ቤት ስንገባ ፀብ ሆነ። እናቴ «በሽታው ይውሰደው እንጂ እኔ አሳስሬ አልገድለውም!» አለች። አባቴ «ታዲያ ሲሞት ተቀምጬ ልየው?» አለ። «እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ እኔው ልያዘው፣ እኔው ላይ ይፍረድ» እያለ ግንባሩን ከምሰሶው ጋር አጋጨ። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። የማደርገው ጠፋኝ። ከአልጋ ሥር ገብቼ «ጌታዬ፣ ሁለተኛ ሰው አልሳደብም፤ ብቻ አትውሰደው» እያልኩ ተሳልኩ። ይህን ስለት እንዳልጠበቅኩት ጌታም ያውቃል።

ጠዋት ወተት ይዤ ወደ ጋጣው ስሄድ አባቴ ከኋላዬ መጣ። ጋቢውን አውልቆ በክንዱ ይዞታል። ለምን እንደያዘው ገባኝ። ሊጠቀልለው ነው። ልለምነው ዞር ስል አባቴ በጋጣው በር ተገትሮ ወደ ውስጥ ያያል።

ወንድሜ ቆሟል። በዚያ ባበጠ ፊቱ፣ በአንድ ዓይኑ፣ ዳማዋ ፊት ቆሟል። እጁን አፍንጫዋ ሥር ዘረጋ፤ አሸተተችው። ጠጋ ብሎ እፍ አላት። ከዚያ ትንሿን አውራ ጣቱን በአፏ ጥግ አገባ፤ ዳማዋ አፏን ከፈተች። ጥርሷን አየ። ማየት ብቻ አይደለም፤ ጣቱን ሳያወጣ ወደ አባቴ ደረት በኩል ዞሮ ጠበቀ። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

አባቴ ጋቢውን ከኋላው ውጭ ጭቃው ላይ ጣለው። «ስድስት ዓመቷ! ጤነኛ ናት! አትሸጥም!» አለ።

ልጁ ጣቱን አወጣ። ያን ጊዜ አባቴ፣ ያ በጭቃ ጫማ ቤት ማንንም የማያስገባ ሰው፣ ፋንድያው ላይ ተንበረከከ። አፉንም ከፈተ። ወንድሜ ቆም ብሎ አየው። እኔ «አሁን ይሸሻል» ስል እጁን አባቴ አፍንጫ ሥር ዘረጋ። እፍ አለው። አውራ ጣቱን በአባቴ አፍ ጥግ ከቶ ጥርሱን እያንዳንዱን መረመረ። ሲያበቃ አባቴ ራሱ፣ እንባው በጢሙ እየወረደ፣ «አርባ ዓመቱ! ጤነኛ ነው! አይሸጥም!» አለ። ሳቅ አመለጠኝ፤ ቀጥሎ አለቀስኩ።

አሁን የአባቴ ተራ ደረሰ። እጁን ለልጁ ሰጠው፤ ልጁ አሸተተው። እፍ አለው። ያን በበቅሎ ገመድ የሻከረ አውራ ጣቱን ወደ ልጁ ከንፈር ጥግ፣ ደህና ወደነበረው በኩል አመጣ። ከአንገት በላይ! ዓይኔን ጨፈንኩ። «አፋን በኒ፣ ኢልማ ኮ» ሲል ሰማሁ። ጩኸት ጠበቅኩ። ምንም የለም። ዓይኔን ስገልጥ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ድዱ ጠቁሮ ተነፋፍቷል፤ የተሰበረው ጥርስ በመግል ውስጥ ተዘቅዝቋል። ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። አባቴ ፊቱን አላዞረም። አየና «ስምንት ዓመቱ!» አለ። «ጤነኛ ነው!» ሲል ድምፁ ተሰበረ። «አይሸጥም!» አለ። ልጁ አፉን ዘጋ።

ክሊኒክ ስንደርስ አባቴ ዳማዋን ከግቢው በር አልፎ እስከ በረንዳው ነዳት። ድሬሰሩ ወጣና «ኧረ ኦቦ! ይህ የሰው ክሊኒክ ነው!» አለ። አባቴ ነገሩን አስረዳው። ሰው አይጠራ፣ አንሶላ አይታይ፣ ያ ነጭ ካፖርትህ ይውለቅ፣ እዚሁ በረንዳ ላይ ይሁን፣ አንተም መጀመሪያ የበቅሎዋን አፍ ትከፍታለህ አለው። ድሬሰሩ የታሰረ ጣቱን አየ፣ በቅሎዋን አየ፤ የከተማ ሰው ነው፣ በቅሎ ይፈራል። «አይዞህ ጋሼ፣ እሷ አትነክስም፤ የሚነክሰው እሱ ነው» አልኩት። እናቴ በዓይኗ ገደለችኝ። ሰውዬው ግን ፈገግ ብሎ ካፖርቱን አወለቀ።

እጁን ከሩቅ ዘርግቶ ዳማዋን አስሸተታት፤ እፍ አላት፤ ጣቱን አገባ። አባቴ ስለ ዳማዋ የሚባለውን አለ። ቀጥሎ አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አፉን ከፈተና «ማደንዘዣውን መጀመሪያ እኔን ውጋኝ። ያላየውን ነገር አይቀበልም» አለ።

«ለጤነኛ ጥርስ መርፌ? ኧረ ይተዉ!»

«ውጋኝ አልኩህ።»

ወጋው። ወንድሜ ጠጋ ብሎ መርፌው አባቴ ድድ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ አየ። አባቴ አልተነቃነቀም። ከዚያ ድሬሰሩ እጁን ለልጁ ሰጠ፤ እፍ አለው፤ «አፋን በኒ» አለው። ወንድሜ ከፈተ። ማንም አልያዘውም። አንድ እጁ ዳማዋ ጋማ ላይ ነው። እኔ ገመዷን ይዣለሁ፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነጠላዋን ነክሳለች። መርፌው ሲገባ ወንድሜ ጋማውን ጨምድዶ ያዘ፤ «እምምም» አለ። ከዚያች ከዝናቡ ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ዳማዋ ጆሮዋን አቆመች። በስመ አብ፣ ብትረግጠውስ? ብትደነብርስ? አልተንቀሳቀሰችም።

ድዱ እስኪደነዝዝ ስንጠብቅ ወንድሜ አፉን አልዘጋም። ድሬሰሩ «ጎበዝ ልጅ» አለ። እኛም ጉብዝና መሰለን። ጉጠቱን አነሳ። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ አንዴ ሳብ አደረገና ወጣ። ከኋላው መግልና ደም ተከትሎ ፈሰሰ። «ወጣ! ወጣ!» አለ ድሬሰሩ። ጥጥ ጠቅልሎ ቀዳዳው ላይ አደረገለትና «አሁን ንከስና ዝጋ» አለው።

አልዘጋም።

አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ጥጡ በደም ርሶ ወደቀ። ድሬሰሩ ሌላ አደረገ፤ እሱም ወደቀ። ደሙ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን አልብሶታል። «መዝጋት አለበት! ነክሶ ካልያዘው ደሙ አይቆምም!» አለና እጁ ወደ መንጋጋው ሄደ። የወንድሜ ትከሻ ሽቅብ ሲወጣ፣ ዓይኑ ወደ ግቢው በር ሲሮጥ አየሁ። አንዴ ከነካው ያበቃለታል፤ ይሮጣል፤ ደሙን እያዘራ ወንዝ ይገባል። «አትንካው!» ብዬ ጮህኩ። የወንድሜ ፊት ነጣ።

መጀመሪያ ነገሩ የገባው አባቴ ነው። አፉ ታይቷል፤ ያየው ሰው ግን ዝም ብሏል። አባቴ ተንደርድሮ ፊቱ ቆመና «ሽንት ዓነቱ» አለ። ማደንዘዣው! ከንፈሩ ተንጠልጥሏል፤ ለሐጩ ይወርዳል። ደግሞ ሞከረ፤ «ጤነኛ ነው» ያለው «ጤነና ነ» ሆነ። ወንድሜ ይጠብቃል። ትክክለኛው አልመጣለትም። አባቴ ጉንጩን በጥፊ መታ፣ ከንፈሩን በጣቱ ጎተተ፣ እንደገና አለ፤ እንደገና ተበላሸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑን አልረሳውም።

በበቅሎ ተራ ሴት ልጅ አፏን አትከፍትም። እኔ ቃሉን አንድም ቀን በአንደበቴ ብዬው አላውቅም። ብሳሳትስ? እንደ «ሰባት ዓመቷ» ቀን ቢንከባለልስ? ለሰፈር ሁሉ መልስ ያላት ልጅ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። የወንድሜ እጅ ከዳማዋ ጋማ ላይ ሲላላ ሳይ ግን፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው የአባቴ ድምፅ ከእኔ ጉሮሮ ወጣ።

«ስምንት ዓመቱ! ጤነኛ ነው! አይሸጥም!»

ወንድሜ ድሬሰሩ የያዘለትን ጥጥ በአፉ ተቀበለና ግጥም አድርጎ ዘጋው። ድሬሰሩ በረንዳው ላይ ቁጭ አለ፤ ተነሳ ቢሉትም ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። እናቴ ከግድግዳው ዞራ «ምን ሆነ? ሞተ?» አለች። የተመለሰላት «እምምም» ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜ በየጠዋቱ ይመጣና አፉን ይከፍታል። በመፋቂያ ጥርሱን እንፍቅለታለን፤ አይተን ስናበቃ ቃሉን እንላለን፤ ይዘጋል። ዓመት ሲዞር አባቴ «ዘጠኝ ዓመቱ» ብሎ ሞክሮ ነበር። እስከ ምሳ አፉን ሳይዘጋ ዋለ። ስለዚህ ስምንት ላይ ቆመ። አባቴ እስኪሞት አለው። እናቴ አለችው። እነሱ ሲያልፉ ለእኔ ቀረ፤ ባል አግብቼም፣ ወልጄም፣ በየጠዋቱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ወንድሜ ሽማግሌ ነው። ጢሙ ነጭ ነው፤ አፉ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች ጥቂት ናቸው። ባለፈው ክረምት ልቤ ታሞ ሐኪም ሲያስተኛኝ ስለ ራሴ አልፈራሁም። እኔ ስሞት አፉን ከፍቶ የሚቆመው ሰውዬ ነው የታየኝ። ማን ይዝጋለት? ከአልጋ እንደተነሳሁ ልጄን ጠራኋት። እሷ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ በቅሎ በቅርብ አይታ አታውቅም። እጅሽን ያሽትት፣ እፍ በይው፣ ቃሏን አንዷንም እንዳትለውጪ አልኳት።

ልጄ አጎቷ ፊት ቆመች። አሸተታት። አፉን ከፈተ። አየችና በፈራ ድምፅ «ስምንት ዓመቱ፣ ጤነኛ ነው፣ አይሸጥም» አለች። አልዘጋም። ወደ እኔ ዞረ። ምላሴ አፌ ውስጥ ተቃጠለ፤ ልል ነው፤ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። «እማዬ፣ እምቢ አለኝ» አለች። «ጮክ በይ» አልኳት። «ተራው ሁሉ ይስማ!»

ጎረቤቱ ሁሉ እስኪወጣ ጮኸች። ወንድሜ ከእኔ ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ እሷ ዞረ፤ አፉን ዘጋ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ።